በቅቤ የሚፈላ ጦስኝ፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እግሬ ግን እስካሁን አላረፈም። ላቦራቶሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ሳርገበግብ የሚያዩኝ ባልደረቦቼ "ጎጃም ምን አስነክተውሽ ነው?" ይሉኛል። ማንም ምንም አላስነካኝም። አስነክቼ የመጣሁት እኔ ነኝ። ወደዚያ አገር ለማትሄዱት ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መርዝ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮችስ ጉዳቱን ይከላከሉ እንደሆነ በአይጦች ላይ እንሞክራለን። የእኔ ድርሻ ጦስኝ ነው። ጦስኝ እንደ ሻይ ሲጠጣ አብዛኛው ፍሬ ነገሩ ሆድና ጉበት ውስጥ ተበትኖ ይቀራል፤ ኩላሊት የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ለይተን በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ በማይታይ የስብ ከረጢት ውስጥ እንከተዋለን። ናኖ የምንለው ይህን ከረጢት ነው። ተሸክሞ ኩላሊት ድረስ ያደርስልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ተስፋ ነው ያልኩት።

አምና በመስከረም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ በስተግራ ወደ ጮቄ ተራራ በምትወጣ አንዲት የገጠር ቀበሌ ጦስኝ ስለቅም አያ እንየው የሚባሉ ገበሬ ቤት አርፌ ነበር። እራት ላይ "ይህ ቅጠል ለምንሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌ አያርፍምና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በቀላል አማርኛ አስረዳኋቸው። ዘንድሮ ለተጨማሪ ቅጠል ተመልሼ ስሄድ ያ እራት ከነጭራሹ ተረስቶኝ ነበር።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በሚኒባስ ነው። ትልቁ አውቶቡስ ይመቻል፣ ግን ይዘገያል፤ እኔ ደግሞ መዘግየት አልችልም። ሹፌሩም እንደኔው ትዕግሥት የሌለው ነበርና እስከ ጎሐ ጽዮን በደንብ ተስማማን። የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር ግን "ኧረ ቀስ በል!" ማለት አበዛሁ። "ሱሉልታ ላይ 'ምነው አንቀላፋህ' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለኝና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።

በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ከሣጥኔ ውስጥ ቅጠል የማደርቅበትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አወጣና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "እርጥበት የሚመጥ ነው" አልኩት። ወደ ሰማዩ አየና "ለቢቸና መንገድ ይህቺ አትበቃሽም" ብሎ መለሰልኝ።

እውነቱን ነበር። ደጀን ላይ ሽሮ በልተን፣ አስፋልቱን ወደ ሉማሜና ማርቆስ ለሚሄዱት ትተን ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ዝናቡ ወረደ። እኛ ሰፈር ዝናብ ሲዘንብ የሚቆመው ታክሲው ነው፤ እዚህ መንገዱ ራሱ ሄዶ ሄዶ የሚቆም ይመስላል። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ቢቸና ስደርስ አንዱ ጫማዬ ሶሉን ጥሎ ነበር።

ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር በባልዲ አሙቀው አመጡልኝና እግርሽን ካላጠብኩ ብለው ተሟገቱኝ። እኔ ስግደረደር እሳቸው እግሬን ይዘው ጀምረውት ነበር። ጫማዬን አገላብጠው አዩና "ይህን አድርገሽ ነው ገጠር የምትወጪው?" አሉኝ። ጠዋት በራፌ ላይ የልጃቸውን ኮንጎ ጫማ አገኘሁ፤ በልኬ። አዲስ አበባ ከጎረቤቴ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬ የጫማ ቁጥሬን ቀርቶ ስሜንም የምታውቀው አይመስለኝም።

ማክሰኞ

መናኸሪያው ውስጥ የሞጣ መኪና እስኪሞላ አራት ሰዓት ጠበቅኩ። "አሁን ይሞላል" ይሉኛል፤ አሁን ማለት እዚያ አገር ሰፊ ነው። ስቀመጥ፣ ስነሳ፣ መኪናውን ስዞር የታዘቡኝ እናት "ልጄ፣ ብትቀመጪም ብትቆሚም እኩል ነው የሚሞላው" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ሣጥኔን ያየ አንድ ተሳፋሪ ደግሞ ቀረብ ብሎ "የኩላሊቷ ዶክተር አንቺ ነሽ?" አለኝ። ዶክተርነቴ የትምህርት ነው፤ ሰው አክሜ አላውቅም። ይህን መናገር ነበረብኝ። ግን አራት ሰዓት ጭቃ ላይ ለቆመ ሰው ክብር ጥሩ ነገር ነውና ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ሰውየው ሲሄድ ግን ከየት ሰማ የሚለው ከነከነኝ።

ከመኪና ከወረድኩበት እስከ አያ እንየው ቤት የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። የአያ እንየው የልጅ ባል ምንይችል በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ጎጆ ከወጣ ገና መንፈቁ። በቅሎ አልወጣም ብዬ በእግሬ ስጣደፍ ጤፍ ማሳ ዳር አንሸራተተኝና ከነሣጥኔ ተዘረጋሁ። ምንይችል አነሣኝና "ዶክተር፣ መሬቱም ናፍቆሽ ነበር" አለ።

ደጃፍ ላይ አያ እንየውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። አምና ፊታቸው እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው፣ ዓይናቸው ሥር አብጧል። ኮንጎ ጫማቸውን ቆርጠው አስፍተውታል፤ እግራቸው አልገባ ብሎ።

"እንዴት ነሽሳ ልጄ! ጭቃው አላስቸገረሽም?"

"እግርዎ ምን ሆኖ ነው አያ?"

"ድካም ነው። መስከረም አይደል? ሥራ በዛ።"

ባለቤታቸው ውባለም እንጀራ በዶሮ አቀረበችልኝ። ስንት የቤት ጉዳይ እያለባት ለእኔ ዶሮ መታረዱ አሳፈረኝ። በበላሁ ቁጥር "በሞቴ" እያለች ስትጨምርልኝ፣ እኔ ደግሞ የሰውየውን እግር ብቻ አያለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ከውባለም ጋር ተራራ ወጥተን ጦስኝ ለቀምን። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚያምር ከረጢት የሚሸጠው ቅጠል እዚህ በየድንጋዩ ሥር ነው፤ በረገጥሽው ቁጥር ይሸታል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ አያ እንየው የመርጫውን ታንክ ከጀርባቸው እያወረዱ ደረሱ። ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ረጥቧል። ፀረ አረሙን፣ እነሱ ቱፎርዲ የሚሉትን፣ ሲረጩ ነው የዋሉት። አፍና አፍንጫቸው ላይ ምንም አልነበረም።

እጃቸውን ተለቃልቀው ተቀመጡ፤ ውባለም የፈላ ጦስኝ ቀዳችላቸው። ከዚያ ከጠርሙስ የኑግ ዘይት አንጠብጥባ አማሰለችበትና ሰጠቻቸው።

"ዘይቱ ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ዛሬ ረቡዕ አይደል?" አለች፣ ጾሙን የረሳሁ መስሏት። "በፍስክ ቀን በቅቤ ነው የሚጠጣው።"

አሁንም አልገባኝም። አያ እንየው ናቸው ያስረዱኝ፣ ለልጃቸው ትምህርት እንደሚያስጠኑ በትዕግሥት። "አንቺው አይደለሽ የነገርሽን? ጦስኙ ብቻውን ኸኩላሊት አይደርስም፣ በስብ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው ብለሽ። ይኸው ኸዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላስታጎልሁ። ረጭቼ ስገባ እጠጣለሁ።"

አምና የተናገርኩት ቃል በቃል ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል፣ በስኒ። የእኔ የስብ ከረጢት በላቦራቶሪ ማሽን ቀናት የሚፈጅ ደቃቅ ነገር ነው፤ የእሳቸው ደግሞ የኑግ ዘይት ጠብታ። ስህተታቸው ግን ከእኔ ንግግር አንድ ስንዝር የራቀ አልነበረም።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። አምና የአያ እንየው አንዱ በሬ ገደል ገብቶ ሞቷል። በአንድ በሬ አይታረስም። እንደ ወትሮው ሰባት ጎረቤቶቻቸው በወንፈል ተሰበሰቡ፣ ማለትም ጉልበት በጉልበት ሊበዳደሩ፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ሌሎቹ የአያ እንየውን መሬት ሊያርሱ፣ አያ እንየው በምትኩ የሰባቱንም ሰው ማሳ መርዝ ሊረጩ ተስማሙ። "ለምን እርስዎ?" ስላቸው በኩራት ነበር የመለሱልኝ፤ "መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኛ! እነሱ መርዙን ይፈራሉ።"

ሰባት ማሳ፣ ያለ ጭምብል፣ በአንድ ሰው ኩላሊት። እኔን አምነው።

ዓይኔ የዘይቱ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ቢጫ ምልክቱ ግማሹ ተልጧል፤ የፀረ አረሙ ጠርሙስ ነበር። ውባለም ሳፈጥ አይታኝ "ኧረ በአመድ ነው ያጠብሁት፣ ሰባት ጊዜ!" አለች። ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቄ ደጅ ወረወርኩት። እንዲህ በሰው ቤት አይደረግም፤ የእንግዳ ወግ አይደለም።

ሳይመሽ የወንፈሉ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጦስኙ ከመርዝ አያድንም። የእኔ ሥራ ገና አይጥ ላይ ነው። አያ እንየው ታመዋል፣ የሽንታቸውንም ነገር ጠይቄያቸዋለሁ፣ እንደ ጠላ አረፋ ይደፍቃል፣ ነገ መመርመር አለባቸው። በመጨረሻ "መድኃኒት የለኝም!" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁና "ልክ ነሽ" አሉ። "ባለመድኃኒት እንዲያ ነው የሚለው።"

ያኔ ገባኝ። እዚያ አገር ሥር የሚያውቅ ሰው ሥሩን አይናገርም። ቅጠሉን ጨረቃ ሳትወጣ ቆርጦ፣ ወቅጦ፣ ከሌላ ቀላቅሎ ይሰጥሃል፤ ስትጠይቀው "እኔ ምን አውቄ" ይልሃል። በካደ መጠን ይታመናል። እኔ ደግሞ አምና ተናገርኩ፣ ዘንድሮ ካድኩ። "አምና ምስጢሩ አምልጧት፣ ዘንድሮ ጸጽቷት ነው የምትክደው" ብለው አረፉት። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል?

ምንይችል ሊያጽናናኝ ተጠጋና "አይዞሽ ዶክተር፣ አባባ እግራቸው እስኪበርድ ኸአርብ ጀምሮ እኔ እረጫለሁ። ጦስኙንም ጀምሬያለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ሐሙስ

አያ እንየው ሞጣ ሄደው ለመመርመር እሺ አሉኝ። ደስ አለኝና ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። "ኩላሊቴ ደህና መሆኑ በወረቀት ተጽፎ ቢመጣ ጎረቤቶቼ ይደፍራሉ" አሉ። ደስታዬ እዚያው ቀረ፣ ግን አልተሟገትኩም። መሄዳቸው ይበቃኝ ነበር።

በበቅሎ ወርደው መንገድ ላይ አይሱዙ አቆምን። ሹፌሩ እግራቸውን አየና ጋቢናውን ለቀቀላቸው፤ እኔ ከኋላ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በየጉድጓዱ ስነጥር ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። አምና አምስት ደቂቃ ዝም ብል ምን ነበረበት? ወይ ደግሞ አምስት ደቂቃ ጨምሬ ብናገር?

ሞጣ ላይ አንድ የጤና ተቋም ገባን። ደምና ሽንት ሰጡ፤ ውጤቱ ለነገ ጠዋት ተባልን። እኛ ላቦራቶሪ እንዲህ ያለውን ምርመራ ለአይጥ በአንድ ከሰዓት እንጨርሳለን። ይህን ማሰቤ አናደደኝ፣ ማን ላይ እንደምናደድ ግን አላወቅኩም። ግቢውን ስዞር ጥበቃው ሦስት ጊዜ "ምን ጠፋሽ?" አለኝ።

ያደርነው የውባለም እኅት ቤት ነው። ሞጣ ውስጥ አልጋ እይዛለሁ ብል "ቤት እያለ!" ብላ ቦርሳዬን ቀማችኝና የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ከራት በፊት አያ እንየው ሳያስቡት የወንፈሉን ቀሪ ነገር ነገሩኝ። ከረጩ ይታረስላቸዋል፤ ካልረጩ በሚቀጥለው ክረምት መሬታቸው ጦም ያድራል። ሌላ በሬ የለም። "እንዲህ ነው ልጄ፣ ጀርባዬ ላይ ያለው መርጫ አይደለም፣ በሬዬ ነው" አሉኝ።

አርብ

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሁለቱም ኩላሊቶች ተጎድተዋል፤ አልሞቱም፣ ግን የሄደው አይመለስም አለ። የደም ግፊትም አለ። መርዙን ዛሬውኑ ካልተዉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደማቸውን በማሽን ማጣራት ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። መድኃኒት ጻፈላቸውና የቀጠሮ ቀን ሰጣቸው።

ከወጣን በኋላ ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አለቀስኩም። "ይቅር ይበሉኝ አያ። ያን ዕለት መናገር አልነበረብኝም።"

"ተይ ልጄ። የጠጣሁት እኔ ነኝ።" ወደ እኔ ዞር አሉ። "እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አይጦችሽ፣ መርዝ ሰጥታችሁ ኸዚያ በጦስኙ ያዳናችኋቸው፣ ስንት ዓመት ኖሩ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቅኩም። አለቆቼም ጠይቀውኝ አያውቁም።

"አልኖሩም" አልኩ።

"እንዴት አልኖሩም? ድነዋል አላልሽምን?"

"ጉዳታቸው ቀንሷል ነው የምንለው። መቀነሱን ለማየት ኩላሊታቸውን ማውጣት አለብን። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ሁሉንም እንገድላቸዋለን። መድኃኒቱን የወሰዱትንም፣ ያልወሰዱትንም።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አንድ እንኳ አርጅታ የሞተች የለችም?"

"የለችም።"

አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከፊታችን ስትገባ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ እንደ መሳቅ አሉ፣ ሳቅ ግን አልነበረም። "ባለመድኃኒት ሥሩን ይደብቃል። የዳነውን ሰው ግን አይደብቅም፤ ይዞት ይዞራል፣ እዩት ይላል። አንቺ የዳነ የለሽም።"

"የለኝም አያ።"

"እንዲህ ብለሽ በነገርሽን ኖሮ።"

ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩላቸው፤ ምንይችል ወዲያው አነሣ። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል፤ ማሳ ላይ ነው፣ ውሃ እየቀዳ፣ ታንኩን ሊሞላ።

"ምንይችል። ድፋው። ... አዎ፣ ሁሉንም፣ ኸወንዙ አርቀህ ድፋው። መርጫውን አታንሣ። ... ስለ እርሻው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ካላረሱልኝ በዶማ እቆፍራለሁ። ... እህ? ጦስኙ?"

ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ጦስኙማ ሻይ ነው፣ ልጄ።"